አምፖሉ አራት ሰዓት ላይ ይጠፋል

በ1898 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው) የኒው ላናርክ መንደር ነዋሪ የመብራት ሒሳብ የሚባል ነገር አያውቅም ነበር። መንደሯ ያለችው በስኮትላንድ፣ ክላይድ ወንዝ ዳር ነው። ኤሌክትሪኩን ለየቤቱ በነጻ የሚሰጠው የጥጥ ፋብሪካው ነበር። ስንቱ የከተማ ሰው በጋዝና በሻማ በሚያመሽበት ዘመን ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ስጦታው ግን ልክ ነበረው። ለአንድ ክፍል የሚደርሰው አንድ አምፖል ነው፤ እሱም ጭል ጭል የሚል። ማታ አራት ሰዓት ሲሆን መንደሩ ሁሉ ባንዴ ይጨልማል። ቅዳሜ ብቻ እስከ አምስት ሰዓት ይፈቀዳል። የልጇን ካልሲ የምትጠቅም እናት መርፌዋን ክሩ ላይ ሰክታ ታስቀምጣለች እንጂ አቤት የምትልበት የለም። መብራቱ የአሠሪው ነው፤ ማጥፊያውም የአሠሪው።

ስለ ኒው ላናርክ የተጻፈው አብዛኛው ነገር ስለ አንድ ሰው፣ ስለ ሮበርት ኦወን ነው። የሕፃናት ትምህርት ቤቱ፣ የኅብረት ሱቁ፣ የሥራ ሰዓት ቅነሳው ሲነሳ እሱ ይነሳል። አያንሰውም። እኔ ግን ወደ ቤቶቹ እጠጋለሁ። ሰው ዕቅዱን ወረቀት ላይ ያሳምረዋል፤ ያሰበው ነገር እስከ የት እንደ ሄደ የሚታወቀው ግን ውኃው ስንተኛ ፎቅ እንደ ደረሰ ሲታይ ነው።

የኒው ላናርክ ቤቶች ረድፍ ቤቶች ናቸው። አሁን አሁን አዲስ አበባ ውስጥ የሪል እስቴት ሻጮች «ሮው ሃውስ» ሲሉ ዘመናዊ ኑሮ የሚሸጡ ይመስላል። ነገሩ ግን አዲስ አይደለም። ግድግዳ ለግድግዳ ተጣብቆ በአንድ መስመር የተሰለፈ ቤት ማለት ነው። በእንግሊዝ ባለጸጎችም በእንዲህ ያለ ቤት ይኖሩ ነበር። ለፋብሪካ ሠራተኛ ሲሠራ ግን ምክንያቱ ሌላ ነው። ሁለት ቤት በአንድ ግድግዳ ሲካፈል ድንጋይ ይቆጥባል፤ የጎረቤት ምድጃ የጎረቤትን ግድግዳ ያሞቃል፤ ጠባብ መሬት ብዙ ሰው ይይዛል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሠራተኛው ከፋብሪካው ደወል ድምፅ አይርቅም።

ለፋብሪካ ሠራተኛ እንዲህ ያለ ቤት ቀድመው ከሠሩት አንዱ ሪቻርድ አርክራይት ነው። በ1771 በእንግሊዝ ደርቢሸር፣ ክሮምፎርድ በምትባል ትንሽ መንደር፣ በውኃ ኃይል የሚዞር መፍተያ ፋብሪካ አቋቋመ። የእኛ ፈታይ ባዘቶውን በግራዋ ይዛ፣ እንዝርቷን በቀኟ አሹራ አንድ ክር ታወጣለች። የአርክራይት መኪና ብዙ እንዝርት ባንዴ ያሾራል፤ የሚፈልገው የሚጠብቀው ሰው ብቻ ነው። ክር ሲበጠስ የሚቀጥል፣ ከመኪናው ሥር ገብቶ ብናኝ የሚጠርግ ትንሽ እጅ። ስለዚህ አርክራይት የሚፈልገው ጎልማሳ ወንድ ሳይሆን ልጅ የበዛበት ቤተሰብ ነበር። ቤተሰብ ደግሞ ቤት ይፈልጋል። ወደ 1776 ገደማ ኖርዝ ስትሪት በሚባለው መንገድ ግራና ቀኝ ባለ ሦስት ፎቅ ረድፍ ቤቶች አሠራ። የላይኛው ፎቅ መስኮቶች በጎን ሰፋ ያሉ ናቸው፤ ባልየው እዚያ በብርሃን ተቀምጦ ሲሠራ ሚስትና ልጆቹ ፋብሪካ ይውላሉ። አንድ ቤት፣ ሁለት የሥራ ቦታ። ለኢንዱስትሪ ሠራተኛ ታስበው ከተሠሩት ቀደምት ቤቶች የሚቆጠሩት እነዚህ ናቸው፤ ዛሬም ቆመዋል።

ይህንኑ ዘዴ ወደ ስኮትላንድ ያሻገረው የግላስጎው ነጋዴና የባንክ ሰው ዴቪድ ዴል ነው። በ1784 አርክራይትን ይዞ የክላይድን ፏፏቴዎች አሳየው። ከፏፏቴዎቹ ትልቁ ኮራ ሊን ይባላል፤ 26 ሜትር ያህል ይወርዳል። ቱሪስቶችና ሠዓሊዎች የሚያደንቁት ውበት ለሁለቱ ሰዎች የተገኘ ጉልበት ነበር። ቦታው ግን ገደል ነው፤ ወንዙ በጠባብ ሸለቆ ውስጥ ይሮጣል። ዐለት ተበስቶ የውኃ ቦይ ተሠራ፤ በ1785 ግንባታ ተጀመረ፤ በ1786 መኪናዎቹ መፍተል ጀመሩ። ዴል ከአርክራይት ጋር የነበረው ሽርክና ብዙም ሳይቆይ ፈረሰ። በ1788 የመጀመሪያው ፋብሪካ በእሳት ወደመ፤ ዴል ወዲያው እንደገና ሠራው። በ1793 አራት ፋብሪካዎች ወንዙ ዳር በመስመር ቆመው ነበር።

ችግሩ ሰው ነው። የአካባቢው ገበሬ ከፀሐይ ጋር ተነሥቶ ከፀሐይ ጋር ይገባ የነበረ ሰው ነውና በደወል ተጠርቶ ግድግዳ ውስጥ መዋሉ እንደ እስር ሆነበት። ዴል ሰው ያገኘው ከሁለት ምንጭ ነው። አንደኛው ከኤዲንብራና ከግላስጎው የድሆች መጠለያዎች የመጡ ሕፃናት ናቸው፤ ከነዚህ 275ቱ የአራተኛው ፋብሪካ ሕንፃ ውስጥ ያድሩ ነበር። በሥራ ሰዓታቸው ላይ ትምህርት ተጨምሮባቸው፣ ምሽት ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ፊደል ይቆጥራሉ። ዘመኑ ያንን «ቸርነት» ብሎታል፤ ከሌሎቹ ፋብሪካዎች አንጻር እውነትም ነው። ሁለተኛው ምንጭ መሬቱን ለበግ ርቢ የተነጠቀ የስኮትላንድ ደጋማ አገር ሕዝብ ነው። በ1791 ከስካይ ደሴት ወደ ኖርዝ ካሮላይና ስደተኞች ጭና የተነሣች መርከብ በማዕበል ተመትታ ግሪኖክ ወደብ ገባች። ዴል ሰው ልኮ ሥራና ቤት እንደሚሰጣቸው ነገራቸው፤ ከመካከላቸው መቶ ያህሉ አሜሪካን ትተው ወደ ኒው ላናርክ ወጡ። ከረድፍ ቤቶቹ አንዱ እስከ ዛሬ «ካይትነስ ሮው» ይባላል፤ ካይትነስ የስኮትላንድ ሰሜናዊ ጫፍ ነው። ስሙ የመጣው ከዚያ ተነቅለው ከሰፈሩት ሰዎች ነው ይባላል። አገሩን የተነጠቀ ሰው የአገሩን ስም የረድፍ ቤት መጠሪያ ሆኖ አገኘው ማለት ነው።

የሌሎቹም ስም ደስ ይላል። ሎንግ ሮው ረጅሙ፣ ደብል ሮው ድርቡ፣ ዊ ሮው ትንሹ ረድፍ ናቸው። ብራክስፊልድ ሮው መሬቱን ከለቀቀው ባለርስት፣ በጭካኔው ከታወቀው ዳኛ ከሎርድ ብራክስፊልድ ስሙን ወሰደ። የተሠሩት ከአሸዋ ድንጋይ ነው። አንዳንዶቹ ገደሉን ተደግፈው ስለቆሙ ከፊት ሲያዩዋቸው ረጅም፣ ከኋላ ሲያዩዋቸው አጭር ናቸው፤ በፊት በር ገብቶ ደረጃ ወጥቶ፣ መልሶ ሳይወርድ ከላይኛው ፎቅ በኋላ በር መውጣት ይቻላል።

አሁን ወደ ውስጥ እንግባ። አንድ ቤተሰብ አንድ ክፍል። ምድጃው አንድ ግድግዳ ላይ ነው፤ ማብሰያም ማሞቂያም እሱ ነው። አልጋው ግድግዳው ውስጥ እንደ ቁም ሣጥን የተቦረቦረ ጉርጓድ ነው፤ መጋረጃ ይጋረድለታል፤ ባልና ሚስት ከጨቅላዎቻቸው ጋር እዚያ ይተኛሉ። ከሥሩ ደግሞ ጎማ ያለው ዝቅተኛ አልጋ አለ፤ ስኮቶቹ «ሀርሊ» ይሉታል። ማታ ይጎተታል፣ ልጆቹ ይደረደሩበታል፤ ጠዋት ይገፋና ወለሉ ነጻ ይሆናል። በእኛ አገር የኪራይ ቤት ያደገ ሰው ይህን ሊነግሩት አያስፈልግም፤ ፍራሽ ከአልጋ ሥር ጎትቶ የተኛ ሁሉ ያውቀዋል። ውኃ ከውጭ ነው። መጸዳጃው ከውጭ ነው። የቤቱ ቆሻሻ በር ላይ ይከመራል፤ ዴል ቤቱን ሲሰጥ የቆሻሻውን ጉዳይ አላሰበበትም።

በ1799 ዴል ፋብሪካውንም መንደሩንም በ60000 ፓውንድ ለማንቸስተር ሽርክና ሸጠ። ከሸሪኮቹ አንዱ የ28 ዓመቱ ዌልሳዊ ሮበርት ኦወን ነበር። በዚያው ዓመት የዴልን ልጅ ካሮላይንን አገባ። በ1800 የመጀመሪያ ቀን ሥራ አስኪያጅ ሆኖ ጀመረ።

የኦወን ትምህርት አጭር ነው፦ የሰው ባሕርይ ለሰውየው ከውጭ የሚሠራለት እንጂ ራሱ የሚሠራው አይደለም። ሰካራም ሰካራም የሆነው ያሳደገው ኑሮ ሰካራም ስላደረገው ነው። ይህን ያመነ ሰው በቅድሚያ የሚገባው የት ነው? ቤት ነዋ። ኦወንም ገባ። በር ላይ የተከመረው ቆሻሻ እንዲነሣ አደረገ። ደንብ አወጣ፤ እያንዳንዱ ቤት ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ ይጸዳል፣ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ በኖራ ይቀባል፤ ነዋሪዎች ተራ ገብተው የጋራውን ደረጃ ያጥባሉ፣ ከበራቸው ፊት ያለውን መንገድ ይጠርጋሉ። በክረምት ከምሽቱ አራት ሰዓት ተኩል በኋላ ያለፈቃድ ከቤት መውጣት ክልክል ሆነ። ከዚያም በየሳምንቱ ቤት ለቤት እየዞረ ንጽሕናውን አይቶ መዝገብ ላይ የሚጽፍ ኮሚቴ ተቋቋመ።

እዚህ ላይ የመንደሩ ሴቶች ድምፅ ይሰማል። ኮሚቴውን «ትኋን አዳኞች» ብለው ሰየሙት። ገሚሶቹ በራቸውን ፊታቸው ላይ ዘጉባቸው። ከኦወን ታሪክ ሁሉ ለእኔ ይህ ስም ይበልጣል። ቀኑን ሙሉ ፋብሪካ ስትቆም የዋለች ሴት የምድጃዋን አመድ ለመዝጋቢ ማሳየት አልወደደችም፤ መዝጋቢው ደግሞ ጎረቤቷ ነው። ኦወን ተቃውሞውን በኃይል አልሰበረም። ፈቅደው በር ለሚከፍቱት ምስጋና እየሰጠ፣ ቀስ በቀስ ሌሎቹን አስከተለ። በፋብሪካውም ያደረገው ተመሳሳይ ነው። በየሠራተኛው አጠገብ አራት ገጽ ያለው ትንሽ እንጨት ሰቀለ፤ ጥቁሩ መጥፎ፣ ሰማያዊው መካከለኛ፣ ቢጫው ጥሩ፣ ነጩ እጅግ ጥሩ ነው። ትናንት እንዴት እንደ ሠራህ ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ ይታያል። ዱላ የለም፣ ስድብ የለም። ለዘመኑ ይህ ትልቅ ምሕረት ነው። ሆኖም ቀለሙን ቀን ፋብሪካ ውስጥ፣ መዝገቡን ማታ ቤት ውስጥ ላገኘ ሰው ዱላው የቀረበት ዓለም ዓይን የበዛበት ዓለም ነበር።

ሚዛኑን እንዳላዛባ ግን ሌላውንም ልናገር። ኦወን ከድሆች መጠለያ ሕፃናትን መቀበል አቆመ፤ ቀድሞ ለመጡት ግን በ1809 ነርሰሪ ቢልዲንግስ የሚባል ማደሪያ ተሠራላቸው። ከአሥር ዓመት በታች ያለ ልጅ ፋብሪካ እንዳይገባ ከለከለ፤ የሥራውን ቀን ወደ አሥር ሰዓት ተኩል አወረደ። አሜሪካ ጥጥ እንዳይወጣ ባገደች ጊዜ መኪናዎቹ አራት ወር ቆሙ፤ ሠራተኛው ሙሉ ደመወዙን ወሰደ፤ ይህም ከ7000 ፓውንድ በላይ ፈጀ። ሴቶቹ በራቸውን ከልባቸው የከፈቱለት ከዚያ በኋላ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። በ1813 ሸሪኮቹ ሊያስወጡት ፋብሪካውን ለጨረታ ሲያቀርቡ፣ እነ ጄረሚ ቤንታምና ዊልያም አለን ያሉበትን አዲስ ሽርክና ይዞ በ114100 ፓውንድ ገዛው። ሲመለስ ነዋሪዎቹ የሠረገላውን ፈረሶች ፈትተው ራሳቸው እየጎተቱ አስገቡት።

ሱቁም ከዚህ ጋር ይነሣል። ቀድሞ በመንደሩ የነበሩት ቸርቻሪዎች የተበላሸ ዕቃ በዱቤና በውድ ይሸጡ ነበር። ኦወን በጅምላ እየገዛ ጥሩውን ዕቃ በትንሽ ትርፍ ሸጠ፤ ትርፉንም ለትምህርት ቤቱ አደረገው። በ1844 በእንግሊዝ የሮችዴል ከተማ ሸማኔዎች የኅብረት ሱቃቸውን ሲከፍቱ የኦወን ትምህርት ከፊታቸው ነበር። የእኛ የሸማቾች ኅብረት ሱቅም የዘር ሐረጉ ወደ ኋላ ሲቆጠር እዚያ ይደርሳል። በ1816 የመጀመሪያ ቀን የተከፈተው «የባሕርይ መቅረጫ ተቋም» ደግሞ በብሪታንያ የመጀመሪያው ነው የሚባለውን የሕፃናት ትምህርት ቤት ያዘ። ልጆች ይዘፍናሉ፣ ይጨፍራሉ፣ ካርታ ያነባሉ። ከ1815 እስከ 1825 ባሉት ዓመታት 20000 የሚጠጋ እንግዳ መጥቶ አየ፤ ኋላ ዛር ኒኮላስ ቀዳማዊ የሆነው የሩሲያ መስፍንም አንዱ ነበር። ሸሪኩ ዊልያም አለን ግን ደስ አላለውም። ልጆቹ የሚለብሱት አጭር የስኮት ጉርድ ነውር ነው፣ ጭፈራውም ይቅር አለ። ሁለቱ ሰዎች በልጆች ጉርድ ላይ ሲከራከሩ፣ የእነዚያ ልጆች እናቶች አሁንም ውኃ ከውጭ እየቀዱ ነበር። ኦወን ራሱ በመጀመሪያ በረድፎቹ መካከል ባለ ቤት ይኖር ነበር፤ በኋላ ግን ከመንደሩ ራቅ ወዳለው ብራክስፊልድ ሃውስ ተዛወረ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ ከወንዙ ማዶ፣ ከባሕሩም ማዶ። ይህ ሁሉ ፈትል ከየት የመጣ ጥጥ ነው? ከካሪቢያን ደሴቶችና ከአሜሪካ ደቡብ፣ ባሮች ከለቀሙት። ዴቪድ ዴል በ1791 በግላስጎው የተቋቋመው የባሪያ ንግድን የሚቃወም ማኅበር ሊቀ መንበር ነበር። ማታ ስብሰባ መርቶ ጠዋት ጥጥ ይገዛል። ግብዝ ነበር አልልም፤ ግን ከኒው ላናርክ ረድፎች ጋር የማይታይ ሌላ የሠፈር ረድፍ አብሮ መቆጠር አለበት፤ ያኛው በአብዛኛው በድንጋይ የተሠራ አልነበረም።

ኦወን በ1825 ኒው ላናርክን ለቀቀ፤ በኢንዲያና ኒው ሃርመኒ የምትባል መንደር ገዝቶ እዚያ ሌላ ማኅበረሰብ ሊያቋቁም ሄደ፤ አልተሳካለትም። የረድፍ ቤቱ ዘዴ ግን ያለ እሱም ዘለቀ። የዘዴው ትልቁ ልጅ ሶልቴር የተባለችው መንደር ናት። ታይተስ ሶልት በ1853 በዮርክሸር ኤር ወንዝ ዳር የሱፍ ፋብሪካ ከፍቶ ከ800 በላይ ቤት ሠራ። መንገዶቹን በልጆቹ ስም ጠራቸው፣ መጠጥ ቤት ከለከለ፣ የቤቱን ስፋት በሥራ እርከን ለካ። አለቃ ከሆንክ ቤትህ ሲታይ ያስታውቃል። ኦወን እንጨቱን ቀባ፤ ሶልት መንገዱን በሙሉ ቀባው።

ኒው ላናርክ ግን ከኦወን በኋላ ቀዘቀዘች። የዎከር ቤተሰብ እስከ 1881 ያዛት፤ ከዚያ የጉሮክ ገመድ ኩባንያ ሰዎች ገቡ፤ የዓሣ መረብና የሸራ ጨርቅ ተሠራ። በትምህርት ቤቱ ዓለም አቀፍ ዝና ያተረፈችው መንደር፣ ቤቶቹ ውስጥ የቀዝቃዛ ውኃ ቧንቧና የዕቃ ማጠቢያ ያገኘችው በ1933 ነው። በውጭ የነበረው የጋራ መጸዳጃም ያኔ ወደ ሕንፃው ውስጥ ገባ፤ ያውም በደረጃው ላይ ጎረቤት ከጎረቤት እየተጋራው። ከኦወን ደንብ እስከዚያ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል። የመንግሥት መብራት የገባው በ1955 ነው፤ ጭል ጭል የሚለው አምፖል የሄደው ያኔ ነው።

በ1968 ፋብሪካው ተዘጋ። ፋብሪካ ሲዘጋ ረድፍ ቤት ምን ይሆናል? ሶልቴር ለከተማ ቅርብ ስለሆነች ሌላ ነዋሪ አገኘች። ኒው ላናርክ ግን ገደል ውስጥ ናት። ወጣቱ ወጣ፣ ጣራው አፈሰሰ፣ ፋብሪካዎቹ ለብረታ ብረት ቆሻሻ ነጋዴ ተሸጡ፤ የመሰባበሪያው ድምፅ ከፏፏቴው ጋር ይሰማ ጀመር። ያዳኗት ቤቶቹ ናቸው ማለት ይቻላል፤ ፋብሪካው ገና ሳይዘጋ በ1963 ማኅበር ተቋቁሞ ካይትነስ ሮውን መጠገን ጀምሮ ነበር። በ1974 የጥበቃ ድርጅት ተመሠረተ፤ በ1983 ፋብሪካዎቹ ከቆሻሻ ነጋዴው በሕግ ተገድደው ተወሰዱ። የጥገናው ትልቁ ጣጣ ጠባብነቱ ነበር፤ ለአንድ ቤተሰብ ተብሎ የተሠራውን አንድ ክፍል ከጎኑ ካለው ጋር በበር አገናኝቶ፣ ከሁለትና ሦስት የድሮ ቤት አንድ የዘመኑ ቤት መሥራት አስፈለገ። በ2001 ኒው ላናርክ፣ ሶልቴርና ክሮምፎርድ ያለችበት የደርዌንት ሸለቆ በዩኔስኮ መዝገብ በአንድ ዓመት ገቡ።

ዛሬ በረድፎቹ ውስጥ 200 ያህል ሰው ይኖራል፤ የተከራየ አለ፣ የገዛም አለ። የአንደኛው ፋብሪካ ሕንፃ ሆቴል ሆኗል፤ በሦስተኛው ውስጥ ከወንዙ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ተርባይን ይዞራል። ለነዋሪው ደግሞ ደንቡ አልቀረም፤ ምክንያቱ ብቻ ተቀየረ፣ ከንጽሕና ወደ ቅርስ። አንቴናና ዲሽ መስቀል አይቻልም፤ ስልኩም፣ ቴሌቪዥኑም፣ መብራቱም በመሬት ሥር ነው የሚገባው። የውጭው እንጨት ሁሉ ነጭ ይቀባል፤ በርና መስኮት በአንድ ንድፍ ይሠራል። ውሻ ማሳደግም ተከልክሎ ነበር። ይህኛው ደንብ አልተሻረም ይባላል፤ ግን ማንም አይጠይቅም፣ ውሾቹም ካይትነስ ሮው ፊት ይንሸራሸራሉ።